የተቆለፈው ቤት ልጆች

ትምህርት ቤቶች ሰኞ ይከፈታሉ እያለ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ሲለፍፍ የናዝሬት እናቶች እሰይ አሉ። ማጅራት ገትር ከተማው ገብቶ ትምህርት ከተቋረጠ ወዲህ ልጁ ሁሉ ሥራ ፈቶ፣ እስከ እኩለ ቀን እየተኛ፣ ማታ አልተኛም እያለ ወላጁን አማርሮት ነበር። አሳየች ግን ከምታጥበው አንሶላ ቀና ብላ ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው ሰማችና አንሶላውን መልሳ ውኃው ውስጥ ነከረችው።

«ተገላገልን በይኛ!» አለች አብራት የምታጥበው አበበች። «ልጅሽ ጤናዬስ እንኳን ደስ አላት።»

«እንኳን አብሮ ደስ አለን» አለች አሳየች፤ ከአንሶላው ቀና ሳትል።

ጊዜው ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት ነው። አሳየች በአሰብ መንገድ ዳር ካለ አንድ ሆቴል የሾፌሮችን አንሶላ እያጠበች ሁለት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ባሏ ሰብስቤ ወንጂ ሸንኮራ ቆራጭ ነበር። ትንሿ ልጃቸው ጤናዬ ገና ዳዴ ስትል ወደ ሰሜን ዘመተና በዚያው ቀረ። መርዶም አልመጣ፣ እሱም አልመጣ። ታላቁ ልጅ ሐዲስ አድጎ አሥራ አንደኛ ክፍል ሲገባና ከላይኛው ከንፈሩ በላይ ጢም ብጤ ሲያበቅል ጎረቤት «አደገልሽ» ይላታል፤ እሷ ግን በያንዳንዱ ፀጉር ልቧ ይሸበር ነበር።

የፈራችው አልቀረም። ኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜ፣ ኳስ አይተው የሚመለሱ ልጆችን የወታደር ካሚዮን መንገድ ዘግቶ አፈሳቸው። ሐዲስ በአንድ ግቢ አጥር ዘሎ አመለጠ። ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፎት ይሄድ የነበረው ጓደኛው ተጭኖ ሄደ። ሐዲስ ሸሚዙ ተቀዶ፣ ክንዱ በቆርቆሮ ተተልትሎ ቤት ሲገባ እናቱ ምንም አልጠየቀችውም። ጓዳ አስገባችው። መስኮቱ ላይ ጣውላ መታችበት፤ በላዩም ጆንያ ሰቀለችበት። ለጎረቤት «አርሲ ነገሌ አጎቱ ጋ ሰድጄዋለሁ፣ እህል ንግዱን ያግዘው ብዬ» አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ሐዲስ ፀሐይ አላየም።

ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ጤናዬንም ጨመረቻት። ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ ሁለቱንም ውስጥ ትታ በሩን ከውጭ በጓጉንቸር ትቆልፋለች። የተቆለፈ ቤት ባዶ ነው፤ ማንም አያንኳኳም። ሦስተኛ ክፍል የደረሰችው ልጅ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ኋላ ለመደችው። በጣቷ ጫፍ መራመድን፣ ሳልን በትራስ ማፈንን፣ ሳቅን መዋጥን ተማረች። ቀን ከወንድሟ ጋር ትተኛለች፤ ሲመሽ ትነቃለች። በሹክሹክታ እንጂ በሌላ መናገር ተወች።

አሁን ትምህርት ተከፈተ አሉ። የልጅ አፍ ወንፊት ነው። መምህር «ታላቅ ወንድምሽ የት ነው?» ቢላት፣ ጓደኛ «ቤታችሁ ውስጥ ማን ያንኮራፋል?» ቢላት፣ አንዲት ቃል ብታመልጣት ካሚዮኑ በር ላይ ይቆማል። አሳየች ሰኞ ልጇን አልላከችም። ማክሰኞም አልላከችም። ሳምንቱ እንዲሁ አለፈ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ተመልሳ ቁልፉን ስታዞር ከኋላዋ «እንደምን ዋሉ?» የሚል የሴት ድምፅ ሰማች። ዘወር ስትል ተሻለች የምትባለው የጤናዬ መምህርት ቆማለች፤ ካኪ ኮት ለብሳ፣ ጫማዋ በአቧራ ነጭ ሆኖ። ካኪ የለበሰ ሁሉ ለአሳየች አንድ ነው። የከፈተችው ጓጉንቸር እጇ ላይ ቀረ።

«ጤናዬን ፍለጋ መጣሁ» አለች መምህርቷ። «ያልመጡትን ልጆች ቤት ለቤት እየፈለግሁ ነው። ታማብዎት ነው?»

«ኧረ ደኅና ናት። ቡልቡላ እህቴ ጋ…» ብላ ጀምራ ሳትጨርስ፣ እናቷ ብቻዋን የመጣች የመሰላት ጤናዬ በሩን ከውስጥ ገፋ አድርጋ ብቅ አለች። ብርሃኑ ወጋትና ዓይኗን በክንዷ ሸፈነች። ጉንጯ ገርጥቶ፣ ከንፈሯ ነጥቶ፣ አንገቷ ሰልሎ ነበር።

መምህርቷ ልጅቱን አየች፤ ጓጉንቸሩን አየች፤ እናቲቱን አየች። «ቆልፈውባት ነው የሚውሉት?»

«በሽታውን ፈርቼ ነው እትዬ። ከልጆች ጋር ገጥማ እንዳይዛት ብዬ።»

«በሽታው የሚወደውኮ የታፈነ ቤት ነው። መስኮት ይክፈቱ፣ ነፋስ ይግባ፣ ተጠጋግታችሁ አትተኙ። ትምህርት ቤት ሁሉንም አስከትበናል፤ የቀረችው እሷ ናት።»

«መስኮቱ ተሰብሮ ነው፤ ሌባ ፈርቼ…»

ይህን ስትል ከጓዳ የአልጋ ሽቦ ሲጥ አለ። አሳየች ድንገት ሳል ያዛት፤ እጥፍ ብላ ሳለች፣ ደጋግማ ሳለች፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ድረስ። ቀና ስትል መምህርቷ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ነበር። ሰምታ ይሁን ሳትሰማ ማወቅ አልተቻለም።

«ነገ ጠዋት ሳልፍ እወስዳታለሁ፤ መንገዴ ነው» አለች። «ዛሬ በጊዜ ያስተኟት። ቁራሽ ዳቦም ቢሆን በሻይ ትቅመስ፤ ባዶ ሆዷን አይስጡኝ። እጅና ፊቷን በሳሙና ትታጠብ። ሌላውን ለኔ ይተዉት።»

ስትሄድ አሳየች በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈችበት። ልጅቱን አልሰጥም ብትል ለምን ይባላል፤ ከሰጠች ደግሞ ምሥጢሯን በእግሩ አስሄደችው ማለት ነው።

ራት ላይ ሐዲስ ወሰነላት። «ትሂድ እማዬ» አለ በሹክሹክታ። «እኔ ብታሰር እሷ ምን አደረገች? እያት እስቲ፤ እንደ ሻማ እየቀለጠች ነው።»

አሳየች ልጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ጠየቀቻት። «ወንድምሽ የት ነው ቢሉሽ?»

«አርሲ ነገሌ።»

«ምን ይሠራል?»

«ለአጎቴ ስንዴ ይሰፍራል።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

ልጅቱ ወንድሟን ቀና ብላ አየችው። «አላውቅም» አለች።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቅ ነበሩ። ቀንና ሌሊት የተምታታባት ልጅ ማታ ትንቀዋለላለች፤ ጠዋት ስትቀሰቀስ ደግሞ እንደ ጨርቅ ትዝለፈለፋለች። የነከረችውን ዳቦ ትተፋዋለች። ፊቷ ላይ ውኃ ሲረጩባት ድምፅ ሳታወጣ ታለቅሳለች። መምህርት ተሻለች ግን አንድም ቀን አላረፈደችም። በር ላይ ቆማ ትጠራታለች፣ እጇን ይዛ በጥላ ሳይሆን በፀሐይ በኩል ታስኬዳታለች። እያደር ልጅቱ ሳትቀሰቀስ መነሣት ጀመረች። ወጥ ድገሚልኝ አለች። አሳየች ወጡን ደግማ ትጨልፍላትና ወዲያው ዞራ በሩን ታያለች።

መምህርቷ በሽታው እስኪጠፋ ብላ ክፍሉን ባዶ አድርጋ፣ አግዳሚዎቹን ግቢው ውስጥ ካለ ግራር ሥር አራርቃ ደርድራ ነበር የምታስተምረው። ጠዋት ከመዝሙሩ ቀጥሎ አንድ ጨዋታ ታጫውታቸዋለች። «አገጭ!» ትላለች፤ ልጆቹ «ለደረት!» ብለው ጮኸው ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ያሳርፋሉ። ራሱን የፈለጠው፣ አንገቱ አልታጠፍ ያለው ልጅ ካለ ያን ጊዜ ይለያል። ጤናዬ ቤት መጥታ ለወንድሟም አስተማረችው። ጓዳ ውስጥ ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው «አገጭ» «ለደረት» ሲባባሉ፣ ያለድምፅ ሲሳሳቁ፣ አሳየች ከምድጃው ሥር ሆና ታያቸዋለች።

ልጅቱ ከትምህርት የምትመለሰው ቀትር ላይ ስለሆነ እናቷ የጓጉንቸሩን አንዱን ቁልፍ በክር አድርጋ በዩኒፎርሟ ውስጥ አንገቷ ላይ አሠረችላት። «ከመክፈትሽ በፊት ግራ ቀኝ እዪ። ከገባሽ በኋላ አትውጪ። ምንም ቢመጣ አትውጪ።»

ከዚያ በኋላ አሳየች እጇ ከአንሶላው ላይ፣ ጆሮዋ ከመንገዱ ላይ ሆነ። ወደ አሰብ የሚያልፈው መኪና ብዛቱ ለጉድ ነው፤ ከሁሉ መካከል የወታደር ካሚዮን ድምፅ ትለያለች። ወደ ሰፈሯ በኩል የታጠፈ ሲመስላት ሳሙናው ከእጇ ይወድቃል።

አንድ ቀን ቀና ስትል ከተሰጡት አንሶላዎች መካከል መምህርት ተሻለች ስትመጣ አየች።

«ምን ሆነች? ልጄን ምን አገኛት?»

«ደኅና ናት፤ አይደንግጡ።» መምህርቷ ዙሪያዋን ቃኘችና ቀረብ አለች። «ግን ድምፅ የላትም። ምንባብ ሳስነብባት ሹክ ትለኛለች፤ ጆሮዬን አፏ ላይ ካላደረግሁ አልሰማትም። ጉሮሮዋን አሟት መስሎኝ ጤና ጣቢያ ወስጄ አሳየኋት። ምንም የለባትም አሉኝ።»

አሳየች የያዘችውን አንሶላ መጠምዘዝ ቀጠለች።

«በሰባ ዓመተ ምሕረት እኛም ቤት ሁላችን ሹክ ነበር የምንለው» አለች መምህርቷ።

«ለምን?»

«ወንድም ነበረኝ።»

ነበረኝ አለች እንጂ አለኝ አላለችም። አሳየች እርጥቡን አንሶላ ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው፤ ውኃው በቀሚሷ ላይ ወረደ። «እኛ ቤት ማንም የለም! ልጄ አርሲ ነገሌ ነው። ማን ነው ሌላ ያለሽ? ማን ነገረሽ?» እርስዎ ማለቱንም ረሳችው።

«አለ አላልኩም፤ ማንም አልነገረኝም» አለች ተሻለች ዝግ ብላ። «ልጅቱ ሜዳ ላይ ጮኻ ትጫወት፣ ጮኻ ታንብብ ነው የምለው። ቤት ስትገባ ዝም ማለቱን ታውቅበታለች። ልጅ ሁለቱን መለየት አያቅተውም። ጨርሶ ዝም ካለች ግን ሌላም ሰው ለምን ብሎ ይጠይቃል።»

ሄደች። አሳየች የቀረውን ቀን በምን እንደጨረሰችው አታውቅም። መምህርቷ ሩኅሩኅ ትሁን ሰላይ፣ የወንድሟ ወሬ እውነት ይሁን ወጥመድ፣ ማን ይንገራት? አንድ ነገር ብቻ ቆረጠች። ሐዲስ ከዚህ ቤት መውጣት አለበት። ቡልቡላ ያለችው እህቷ የምታውቀው፣ ሽንኩርት የሚጭን ሾፌር እሑድ ያልፋል። ከጆንያ መካከል አድርጎ ይወስደዋል።

እሑድን ግን አልደረሰችበትም። ዓርብ ጠዋት ሐዲስ ራሱን ይዞ ተነሣ። ሰውነቱ እንደ ፍም ይፋጃል፤ የበላውን አስመለሰ።

«ወባ ነው» አለች። ናዝሬት ላይ ትኩሳት ሁሉ መጀመሪያ ወባ ነው። ከአምና የተረፈ ክሎሮኪን ነበራት፤ አስዋጠችው፣ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ አሠረች። ከሥራ ብትቀር አበበች «ምን ሆንሽ?» ብላ ቤት ድረስ ትመጣለች። ስለዚህ ቆልፋበት ሄደች። መንገዱን ሙሉ እግሯ ወደፊት፣ ልቧ ወደኋላ ነበር።

ቀትር አለፈ። አንሶላው ሁሉ እሱን ይመስላት ጀመር፤ ስትጠመዝዘው የሚያቃስት ነፍስ ያለው ይመስላታል። በመጨረሻ ለአበበች «ሆዴን ቆረጠኝ» አለችና ወጣች። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ፣ ኋላ ነጠላዋን በጥርሷ ይዛ ሮጠች። የሰፈሯን ጥግ ስትዞር አየችው።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሰው ተሰብስቧል። ጎረቤቷ አዴ ሻሼ እጇን ራሷ ላይ ጭና «ማሎ ዋቃዮ! ማሎ!» እያለች በኦሮምኛ አምላኳን ትማጸናለች።

አሳየች ወሰዱብኝ አለች። ጮኻ ይሁን በልቧ አታውቅም። እግሯ መንገዱ ላይ ተተክሎ ቀረ። ያን ሁሉ ወር በሌሊትም በቀንም ያየችው ነገር ይኸው ደረሰ፤ ፀሐይ ደግሞ እንደ ሌላው ቀን ትበራለች። ጤናዬ ከሰው መካከል ወጥታ እየሮጠች መጥታ ወገቧን አቀፈቻት። ከስንት ጊዜ በኋላ በሙሉ ድምፅዋ ጮኸች፦

«እማዬ፣ አንገቱ አልታጠፍ አለ! ጋሼ ሐዲስ አንገቱ አልታጠፍ አለ! አገጭ ስለው ጮኸ! ማን እንደሆንኩም አላወቀኝም! አትውጪ ብለሽኝ ነበር፣ እኔ ግን ቲቸርን ጠራኋት!»

ያን ጊዜ አሳየች በሩ ላይ ያለው ካሚዮን ሳይሆን ጋሪ መሆኑን አየች። ባለጋሪው ኦቦ ሰንበታና መምህርት ተሻለች ሐዲስን በአንሶላ ይዘው እያወጡ ነው። ራሱ ወደኋላ ተለጥጦ፣ ዓይኑ ግማሽ ተገልጦ፣ ያቃስታል። ብርሃን ሲነካው እንደተወጋ ሰው ተንሰፈሰፈ።

አብዮት ጥበቃው ፈይሳም ደረሰ፤ ጠመንጃውን በትከሻው አንግቷል። ቤቱ ከሷ ቤት ብዙ አይርቅም፤ ሐዲስን ከሕፃንነቱ ያውቀዋል። ልጁን አየ፣ እናቲቱን አየ።

«አርሲ ነገሌ ነው ያሉን እትዬ አሳየች?»

አሳየች ልጇ የተያዘበትን አንሶላ ጫፍ ጨበጠች። ፈይሳ አንድ እርምጃ ወደ ጋሪው ሲራመድ ተሻለች ከፊቱ ቆመች። «ማጅራት ገትር ነው» አለችው። «የምትወስደው ከሆነ እንካ፣ ያዝልኝና አንተ ተሸከመው። ልጆችህ ቤት አሉ አይደል?»

ፈይሳ ቆመ። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ወደኋላ ሸሸት አለ፤ እሱም ቀስ እያለ አፈገፈገ። «ሂዱ» አለ። ጋሪው ሲነሣ ግን ጨመረበት፦ «ከዳነ የት እንዳለ እናውቃለን።»

አሳየች የልጇን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ጋሪው ላይ ተቀመጠች። ኦቦ ሰንበታ ፈረሱን በአለንጋ ሳይሆን በአፉ እየለመነ አስሮጠው። መንኮራኩሩ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ሐዲስ ይጮኻል፤ እሷ በልማድ አፉን በእጇ ልታፍነው ትሞክራለች። ተሻለች እጇን ይዛ አወረደችው። «ይጩህ» አለቻት። «አሁን ይጩህ።»

ሆስፒታሉ ሞልቶ ነበር። ታማሚው ኮሪደር ላይ በምንጣፍ ተኝቷል። ሐዲስን ወገቡን ወግተው ለምርመራ ከአከርካሪው ውኃ ቀዱለት፣ መርፌ ወጉት፣ አንድ ጥግ ላይ አስተኙት። አሳየችም ጤናዬም መድኃኒት ዋጡ። ሐኪሙ «ትንሽ ቆይታችሁ ቢሆን…» ብሎ ተወው። ልጅቱን መምህርቷ እቤቷ ወሰደቻት፤ ትምህርቷ አንድም ቀን እንዳይቋረጥ።

ከዚያ በኋላ ያለው ፍርሃት ስም አልነበረውም። ልጁ ራሱን ስቶ ሲያቃስት አሳየች እግሩ ሥር ተቀምጣ ትጸልያለች፤ ጸሎቱ ግን አፏ ላይ ይሰበራል። ማርልኝ ስትል ፈይሳ ያለው ይመጣባታል። ከዳነ ይወስዱታል፣ እንደ አባቱ ሄዶ ይቀራል። አትማረው ትበል? የሰው እናት እንዲህ ትላለች? «አንተ ታውቃለህ» ትልና ነጠላዋን ተሸፍና ትቀመጣለች። በር በተከፈተ ቁጥር ቀድማ የምታየው ጫማ ነው፤ ቦት ጫማ እንዳይሆን።

ትኩሳቱ ወረደ። ሐዲስ ዓይኑን ገለጠ፣ እናቱን ለየ፣ ውኃ ጠጣ፣ አጥሚት ቀመሰ። ስታናግረው ዝም ብሎ ከንፈሯን ያያል፤ አንዳንዴ ብቻ ራሱን ይነቀንቃል። በሽታው አድክሞት ነው አለች።

ቀና ብሎ መቀመጥ በጀመረ ሰሞን ቦት ጫማው መጣ። አንድ የመቶ አለቃ፣ አንድ ወታደር፣ ከኋላቸው ፈይሳ። አሳየች ተነሥታ አልጋው አጠገብ ቆመች።

«ተነሥ!» አለ የመቶ አለቃው። ሐዲስ እያየው እንደ ተቀመጠ ቀረ።

«አይሰማም» አለች ነርሷ። «በሽታው ጆሮውን ወስዶታል።»

አሳየች የነርሷን ጉልበት ልትስም ተነሣሣች። አቤት እንዴት ያለች ደግ ሰው ናት፣ ለሰው ልጅ ብላ ትዋሻለች አለች በልቧ።

«እንዲህ የሚሉኝ ስንቶችን አይቻለሁ» አለ የመቶ አለቃው። ከነርሷ ጠረጴዛ ላይ መርፌ የሚቀቀልበትን ብረት ሳህን አነሣ። ቀስ ብሎ በሐዲስ ጀርባ ዞረና ከቁመቱ በላይ ከፍ አድርጎ ሲሚንቶው ላይ ለቀቀው።

በሽተኛው ሁሉ ከአልጋው ዘለለ። አንድ ሕፃን ጩኸቱን አቀለጠው። ወታደሩ ራሱ ደነገጠ። አሳየች ደረቷን ያዘች። ሐዲስ ግን ሳህኑ ከመውደቁ በፊት ሲያያቸው የነበሩትን የገዛ ጣቶቹን እያየ ቀረ፤ ሽፋሽፍቱ እንኳ አልተነቃነቀም።

ጎበዝ፣ አለች እናቱ በልቧ፤ ጎበዝ የኔ አንበሳ፣ ጸንተህ ቆይ።

የመቶ አለቃው ጆሮው ሥር ጎንበስ ብሎ ጮኸበት። ሌላውም ጆሮ ላይ ጮኸበት። ሐዲስ ትንፋሹ ሲነካው ብቻ አንገቱን ሰበቀ። ሰውየው ቀና ብሎ ፈይሳን ተመለከተና «ይህ የት ይደርሳል? ተኩስ የማይሰማ!» አለ። ወጡ። ፈይሳ ከመውጣቱ በፊት አንድ ጊዜ ወደ አሳየች ዞረ፤ ፊቱ ላይ ያለው ቁጣ ይሁን እፎይታ አልለየችውም።

እሷ ወደ መስኮቱ ሄዳ ጂፓቸው ከግቢው እስኪወጣ ጠበቀች። ከዚያ ከልጇ ኋላ ቆማ ሹክ አለችው። «ሄዱልህ! ልጄ፣ ሄዱ! በምን አንጀትህ ቻልከው?»

አልዞረም።

«ሐዲስ። ሄደዋል፤ አሁን ማንም የለም።»

አልዞረም።

«ሐዲስ!» ብላ ጮኸች። የጎረቤት አልጋ በሽተኞች ዞረው አዩዋት። እሱ ጣቱን እያየ ተቀምጧል። ትከሻውን ስትይዘው ብቻ ዘወር አለና፣ ሰው ከሜዳ ማዶ እንደሚጣራ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እማዬ፣ ሰዎቹ ምን አሉ?» አላት።

ያን ጊዜ አወቀች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ራሱን ደረቷ ላይ አድርጋ ጨመቀችው። ስለ ተረፈላት ይሁን ስላጣችው ለየትኛው እንደምታለቅስ ለራሷም አልገባትም።

ቀበሌው አሳየችን እንዲሁ አላለፋትም። ዋሽተሻል፣ ደብቀሻል ተብላ ጥቂት ቀን ታሠረች፤ አዴ ሻሼ ምሳ እያመላለሰችላት፣ ተሻለች ልጆቹን እየጠበቀችላት ቆይታ ተፈታች። ተሻለችም ተጠርታ ተጠየቀች። የታመመ ልጅ አየሁ፣ ሆስፒታል አደረስኩ አለች፤ ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣትም።

መስከረም ጠባ። ጤናዬ አራተኛ ክፍል ገባች፤ የክፍሉን ምንባብ አንብቢ የምትባለው እሷ ሆናለች። ሐዲስም አሥራ አንደኛን ልጨርስ አለ። የሁለተኛ ደረጃው ኃላፊ «ሳይሰማ እንዴት ይማራል?» ብለው አመነቱ። ተሻለች አብራ ሄዳ ተከራከረች። ከፊት ይቀመጥ፣ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ይገልብጥ፣ የቀረውን ከጓደኛ ይቀዳል አለቻቸው። እሺ አሉ።

የመጀመሪያው ጠዋት አሳየች አንሶላዋን ትታ ከኋላው ሄደች። ዋናው መንገድ ላይ የአሰብ መኪና እንደ ውኃ ይወርዳል፤ ጋሪው ይጋፋል፤ ሾፌሩ ጥሩንባውን ይነፋል። ለሌላው ሰው ጥሩንባ ነው፤ ለሐዲስ ምንም ነው። ከመንገዱ ዳር ሲደርስ ልቡ ነግሮት እንደሆነ ዘወር ሲል አያት።

«እማዬ፣ ትከተይኛለሽ እንዴ?» አለ፤ መንገደኛው ሁሉ ሰማ። ተማሪዎች ዞረው ሳቁ። ፊቱ ቀላ።

እጇን አወዛወዘች፤ ሂድ፣ ሂድ ማለቷ ነው። እሱ ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፣ እንደገና ግራ አየ፣ ተሻገረ። እስኪሻገር ድረስ የነጠላዋ ጥለት በጥርሷ መካከል ነበር። ማዶ ከተማሪዎቹ ጋር ተቀላቅሎ ከዓይኗ ሲጠፋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በማግስቱም ተከተለችው፤ ትንሽ ራቅ ብላ።